ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ከስድስት ወር በኋላ፤ ውሻዬ ከእኔ ቀድሞ የመረመረው ዕቃ

ባለፈው መስከረም ከመርካቶ የገዛሁትን ባለ 43 ኢንች ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን እነሆ ስድስት ወር ተጠቅሜበታለሁ። ስለ ዕቃ አስተያየት የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዕቃውን ከካርቶኑ ባወጡት ማግስት ስለሚጽፉ፣ አቧራ ሲጠጣ፣ መብራት ሲዋዥቅበትና የቤቱ ሰው ሲላመደው ምን እንደሚሆን አይነግሩንም። እኔ ይህን ያህል የቆየሁት ግን ታጋሽ ስለ ሆንሁ አይደለም። ዕቃውን ከእኔ ቀድሞ መመርመር የጀመረው ቡቺ የተባለው ውሻዬ ስለ ነበር፣ እርሱ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚሰማ እስክረዳ ድረስ ጊዜ ወስዶብኝ ነው።

የምርቱን ስም አልጠራም። አንድ ዓይነት መስታወትና አንድ ዓይነት የውስጥ ዕቃ ያለው ቴሌቪዥን ከፊቱ ላይ የተለያየ ስም ተለጥፎበት ጎን ለጎን ሲሸጥ በዓይኔ ስላየሁ፣ በዚህ መጠንና በዚህ የዋጋ እርከን ላለው ሁሉ የሚሆን አስተያየት መስጠት ይሻላል ብዬ ነው። የከፈልሁት 38,000 ብር ሲሆን፣ ገንዘቡን የላከልኝ ዳላስ የሚኖረው ልጄ ነው፤ በጡረታ አበሌ ቢሆን ኖሮ የግድግዳ ማንጠልጠያውንም አልገዛም ነበር።

ስለ ሻጩ የማማርርበት ነገር የለም። ቴሌቪዥኑን አብርቶ ነጭ፣ ቀጥሎም ጥቁር ምስል ሞልቶ አሳየኝ፤ የሞተ ነጥብ አለመኖሩንም ከዳር እስከ ዳር በጣቱ እየተከተለ አረጋገጠልኝ። የዋስትና ወረቀቱን ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ፤ ተሸካሚውንም ራሱ ጠራልኝ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ዕቃውን የመረመርሁት ቆሜ፣ ፊት ለፊቱ ተደቅኜ ነው። ቤቴ ውስጥ ግን ቴሌቪዥን የሚያይ ማንም ሰው ቆሞ አያይም፤ ዋነኛው ተመልካች ደግሞ ምንጣፍ ላይ እንደሚተኛ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ጀርባው የተነፋ፣ ባለ 21 ኢንች የቱቦ ቴሌቪዥን ነው። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሲጀመር ልጅ ነበርሁ፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ ቀለም ሲመጣ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርሁ። ስለዚህ ለአሮጌው ሣጥን ያለኝ ፍቅር ቀላል አይደለም። ቡቺ ግን በጭራሽ አይወደውም ነበር። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት የሆነው ይህ ውሻ ለረጅም ጊዜ የግቢ ጠባቂ ሆኖ ኖሮ፣ የኋላ እግሩ ብርድ መፍራት ሲጀምር፣ በአንድ ከባድ ክረምት ሳሎን ገባ፤ ከዚያ ወዲያም አልወጣም። (ውሻ ቤት ውስጥ ማስገባት በእኛ ሰፈር እንደ ነውር የሚቆጠር መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ የሚያዝንልኝ ጎረቤት እንጂ የሚቆጣኝ አላገኘሁም።) አሮጌውን ቴሌቪዥን በከፈትሁ ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ይሄድ ነበር። ዜና የማይወድ ውሻ ነው እያልሁ እቀልድ ነበር።

አዲሱ በገባ በመጀመሪያው ማታ ነገሩ ተለወጠ። አንድ የፈረስ ጉግስ የሚያሳይ ዝግጅት እየታየ ሳለ ቡቺ ከተኛበት ቀና አለ፤ አንገቱን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ሰበረ፤ ፈረሶቹ ከምስሉ ጠርዝ ሲወጡም ተነሥቶ ከቡፌው ጀርባ ሊፈልጋቸው ሄደ። ከዚያም ተመልሶ፣ የማያምን ሰው እንደሚያደርገው፣ እኔን አየኝ። ለዳላሱ ልጄ ደውዬ ስነግረው ሳቀ፤ «አባዬ፣ እዚህ እኮ ለውሻ ብቻ የተከፈተ ቴሌቪዥን አለ» አለኝ። ዶግ ቲቪ የሚባለው ይህ ጣቢያ በእስራኤላውያን ተመሥርቶ በፈረንጆች 2012 ሳንዲዬጎ ከተማ ውስጥ ሥርጭት እንደ ጀመረ፣ ቀለሙንም ሆነ ድምፁን ለውሻ ዓይንና ጆሮ እንደሚያስተካክል የነገረኝ እርሱ ነው። በመጀመሪያ አላምንህም አልሁት። በኋላ ግን ውሻዬ አሮጌውን ጠልቶ አዲሱን የወደደበትን ምክንያት ለማወቅ ጉጉት ያዘኝና ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርሁ፤ ያነበብሁትም ይህን ዕቃ ለመገምገም ከሻጩ ማብራሪያ የበለጠ ጠቀመኝ።

የቱቦው ቴሌቪዥን ምስሉን በሰከንድ 50 ጊዜ እየሣለ፣ እየጠፋ፣ እንደገና እየሣለ የሚያሳይ ነው። የሰው ዓይን ይህን ፍጥነት አይከተለውምና ምስሉ ያልተቋረጠ ሆኖ ይታየናል፤ የውሻ ዓይን ግን በሰከንድ ከ70 በላይ የሚደርስ ብልጭታን ለይቶ ስለሚያይ፣ እኛ ዜና የምንለው ነገር ለቡቺ እንደ ተበላሸ ፍሎረሰንት አምፖል የሚርገበገብ ብርሃን ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ያ ዓይነት ቴሌቪዥን በውስጡ ያለው መጠምጠሚያ 15,625 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ልጆች ይሰሙታል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ጆሮ ግን ከዚያ ከፍታ ከተሰናበተ ቆይቷል። ውሻ እስከ 45,000 ኸርዝ ድረስ ስለሚሰማ፣ ለዓመታት በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ጆሮው ሥር ስናፏጭበት ኖረናል ማለት ነው። ማድ ቤት ይሄድ የነበረው ለዚህ መሆኑን ሳውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፈርሁ።

አዲሱ ባለ ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ምስሉን ሳያጠፋ ይዞ ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል፤ ፉጨትም የለውም። ይህ የማንኛውም ዘመናዊ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጠባይ እንጂ የዚህ ዕቃ ልዩ ሙያ አይደለም። ቢሆንም አሮጌ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ውሻ ወይም ድመት ካለ ለመለወጥ በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለ ምስሉ ጥራት ሻጩ ብዙ ተናግሯል። ተጨማሪ ገንዘብ ብጨምር ባለ «ፎር ኬ» እንደማገኝ ነግሮኝ ነበር፤ አልጨመርሁም፤ አልተጸጸትሁምም። ከሦስት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ተቀምጬ፣ በመነጽሬ በኩል፣ ልዩነቱን የማይበት መንገድ የለም። ቡቺን በተመለከተማ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነው፤ ሰው ከ23 ሜትር ገደማ ለይቶ የሚያየውን ነገር ውሻ ለመለየት እስከ 6 ሜትር መቅረብ አለበት። ቀለሙንም ቢሆን የሚያየው በሁለት ወገን ብቻ፣ በሰማያዊና በቢጫ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ለእርሱ አንድ ዓይነት የደበዘዘ ቡና ዓይነት ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ፋብሪካው «ደማቅ» ብሎ የሞላውን፣ የሰውን ፊት እንደ በርበሬ የሚያቀላውን የቀለም ቅንብር ትቼ «ሲኒማ» ወደሚለው ለወጥሁት፤ የእኔ ዓይን አረፈ፣ እርሱም አልተቃወመም። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን መሣሪያም አጥፍቻለሁ፤ ድራማውን ሁሉ የሠርግ ቪዲዮ ያስመስለዋልና።

ትልቁ ጉድለት የማየት አንግሉ ነው፤ ይህን ገዢ ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ፊት ለፊት ሲታይ ግሩም የሆነው ምስል ከታች ወደ ላይ ሲታይ ይገረጣል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ የሰው ፊት አመድ ይነሰነስበታል። እኔ ሶፋ ላይ ስለምቀመጥ ይህን ያወቅሁት ቡቺ ከምንጣፉ እየተነሣ ሶፋዬ ላይ መውጣት ሲጀምር ነው። በመጀመሪያ ሞቅ ያለ ቦታ ፈልጎ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን የወደቀ መነጽሬን ላነሣ ከምንጣፉ ላይ በርከክ ብዬ ቀና ስል፣ ያ ሁሉ ብር የወጣበት ምስል የታጠበ ፎቶግራፍ መስሎ አየሁት። ቴሌቪዥኑን ከቡፌው አውርጄ ጉልበት በማይደርስ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አደረግሁት።

ጎረቤቴ፣ እርሳቸውን እትዬ ነው የምላቸው፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው ይህን ባዩ ጊዜ «ጋሼ፣ ውሻ ምን አገባው ከእርሻ ሲባል አልሰሙም? ለውሻ ብለው ቴሌቪዥን አወረዱ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ለእርስዎም አንገት ይሻላል፤ ቁጭ ብለው ይዩት» አልኋቸው።

ቁጭ ብለው አዩት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ጠረጴዛው አላነሡም። ነገር ግን ዝቅ ማለቱ ሌላ ችግር አመጣ። የቴሌቪዥኑ እግሮች ሁለት ቀጫጭን ፕላስቲኮች ሲሆኑ ከጫፍና ከጫፍ የተተከሉ ናቸው፤ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠረጴዛ አይበቃቸውም፤ የአንድ ደስተኛ ውሻ ጅራትም ያነቃንቃቸዋል። ከኋላ በኩል በገመድ ከግድግዳ ጋር አስሬዋለሁ። ልጅ ያለበት ቤትም ይህን ሳያደርግ ባይጠቀም እመክራለሁ።

ድምፁ የዕቃው ሁለተኛ ድክመት ነው። ድምፅ ማውጫዎቹ ከሥር ወደ ታች የተደፉ ስለ ሆኑ፣ ሙዚቃ ይንጫጫል፤ የወንድ ንግግር ይታፈናል። «ንግግር» የሚለውን የድምፅ ቅንብር መምረጥ ጥቂት ይረዳል፤ የሚያረካ ግን አይደለም። የሚገርመው፣ አንድ ድምፅ ብቻ ያለ ምንም ጉድለት፣ ከእውነተኛው ሳይለይ ያወጣል፤ እርሱም የበር ደወል ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛ የሚተረጎሙ የቱርክ ድራማዎችን የሚከታተል ሰው፣ በእነዚያ ታሪኮች ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጣላውም የሚታረቀውም በር ላይ እንደ ሆነ ያውቃል። ደወሉ በተደወለ ቁጥር ቡቺ ወደ በራችን ይሮጣል፤ ይጮኻል፤ ማንም እንደሌለ አይቶ ይመለሳል፤ ገና ሳይቀመጥ ደግሞ ሌላ ደወል ይደወላል። እትዬ በዚህ ጊዜ የሚሉት አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ዛሬም ሰው ሳይገባ ቀረ!» በአንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ሲሮጥ ከቆጠርንለት ማታ በኋላ፣ የኋላ እግሩን አስቤ፣ ድራማው ሲጀመር ድምፁን እቀንስለታለሁ። ይህን የቴሌቪዥኑ ጥፋት አልለውም።

ይልቅስ ሳልጠብቀው ያገኘሁትን ላውራ። ቡቺ የሚከታተለው እንስሳ ያለበትን ብቻ መሆኑን ከተረዳሁ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ለእርሱ ሰጥቼ በዋይፋይ በኩል ዩቲዩብ ላይ የዱር እንስሳት ዝግጅት እከፍትለት ጀመር። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው፣ የሰሜንና የባሌ ተራሮችን ከፍታ በቃሌ የምል፣ በእነዚያ ተራሮች ላይ ምን እንደሚሮጥ ግን ከፈተና ጥያቄ ያለፈ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን የባሌው የሳነቴ አምባ ታየ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ፣ ጂባራ የተባለው የውርጭ ተክል የቆመበት ሜዳ። በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ሆዷን ወደ መሬት አስጠግታ፣ አንድ እግሯን ካነሣች ሳትጥል፣ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አደባች። ቡቺም ምንጣፉ ላይ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆመ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያሳደግሁት ውሻ እንዲህ ያለ አቋም እንዳለው የማውቀው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀይ ቀበሮ ነገር ያዘኝ። ሳይንሳዊ ስሟ ከሰሜን ተራሮች የተወሰደ፣ ከአገራችን በቀር የትም የማትገኝ፣ በእኛ አጠራር ቀበሮ ብትባልም በዘር ለተኩላና ለውሻ የምትቀርብ እንስሳ ናት፤ ያሉት አዋቂዎች ቁጥር ከ500 የማይበልጥ ሲሆን፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። እጅግ የሚያሳዝነው ከሚገድሏት ነገሮች አንዱ ከእረኞች ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. መጨረሻና በ1996 ዓ.ም. በባሌው የወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ እጁን ጨርሷል። ይህን በሰማሁ ማግስት የቡቺን የክትባት ካርድ ከመሳቢያ አውጥቼ ባየው ጊዜው ሁለት ወር አልፎበት ነበር። አስከተብሁት። እርሱ ለባሌ ሩቅ ነው፤ ለሰፈሩ ልጆች ግን ቅርብ ነው።

ወፎችንም የጀመርሁት በዚሁ ቴሌቪዥን ነው። አንድ ቀን ከምስሉ የወጣ የወፍ ጩኸት ሲሰማ ቡቺ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ዞረ። ልክ ነበር፤ በየማለዳው በአዲስ አበባ ሰማይ እየተንጫጩ የሚያልፉት፣ ምንቃራቸው የቆለመመ፣ ከጉሮሯቸው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለባቸው እነዚያ ትልልቅ ወፎች ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማኋቸው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማይገኙ ወፎች መሆናቸውን ያወቅሁት በስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ፤ በግቢዬ ያየኋቸውን በመልካቸው እየለየሁ አሥራ ሰባት ዓይነት ደርሼአለሁ። ቴሌቪዥን ገዝቶ ከቴሌቪዥን ፊት መነሣት የጀመረ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ አላውቅም።

የቀሩትን ነገሮች ባጭሩ ልጥቀስ። በውስጡ የሳተላይት መቀበያ ስላለው ዲሹን በቀጥታ ሰክቼበት የኢትዮሳት ጣቢያዎችን ያለ ሌላ ሪሲቨር እየተመለከትሁ ነው፤ ይህ አንድ ሪሞትና አንድ ሶኬት ይቀንሳል። መብራት ሲመጣና ሲሄድ የሚያደርሰውን ጉዳት ፈርቼ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስታቢላይዘር ነው የምጠቀመው፤ እስካሁን አልተነካም። ማውጫው አማርኛ የለውም፤ ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ፊደል በትክክል ይወጣል፤ ከፍላሽ የሚከፈቱ ፋይሎች ስም ግን ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ ይታያል። መስታወቱ ላይ የሚቀረውን የውሻ አፍንጫ አሻራ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ አልኮል የነካው ቦታ እንደሚደበዝዝ ሻጩ አስጠንቅቆኝ ነበር። ሪሞቱ በሁለተኛው ወር ታኝኳል፤ የታኘከውም በማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ምትኩን እዚያው መርካቶ አገኘሁ፤ ግን የድምፅ ቁልፉ ከቀድሞው ይልቅ ይጠጥራል።

ዋጋውን ከአገልግሎቱ ጋር ሳመዛዝነው፣ በሶፋ ቁመት ልክ ለሚያስቀምጥና ከጎን ወይም ከታች የሚያይ ሰው ለሌለበት ቤት የሚገባውን ያህል ዕቃ ነው እላለሁ። ለንግግርና ለዜና የሚፈልገው ሰው ግን ከግዢው ላይ ለትንሽ የድምፅ ማጉያ የሚሆን ገንዘብ ማስቀረት አለበት። ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሱቁ ውስጥ በርከክ ብሎ ከታች ይመልከተው፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።

እትዬ አሁን ለራሳቸው ሊገዙ አስበዋል። ሳሎናቸው ሦስት እርምጃ ስለማይሞላ ባለ 32 ኢንች ይበቃዎታል ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረን ሲወጡ ከበሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ቡቺንም ይዘውልኝ ይምጡ፤ ያለ እርሱ አልገዛም» አሉኝ። መርካቶ ቅዳሜ ቀን በውሻ የሚገባበት ገበያ እንዳልሆነ ብነግራቸውም፣ እስካሁን ሐሳባቸውን አልለወጡም።